አልከደን ያለው ዓይን

ጥቅምት 6

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ አለሁ፣ ደኅና ነኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሕፈትዎን ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ "ማን ሞተ?" የሚል ነበር። ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ማንም አልሞተም፤ የሞተው የራዲዮ ዓይን ነው! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "እህቴ በሕይወት አለች ወይ?" ያላሉ ሰው ለአንድ አረንጓዴ አምፖል ሦስት ገጽ ጻፉ። እሰይ፣ ይኼም አንድ ነገር ነው።

ስለ ኑሮዬ ለጠየቁኝ፣ አላገባሁም። ሥራዬ ያው የሚያውቁት ነው። ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ክፍል ተጋርተን እኔ ራዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። እሱ መርፌ ይጥላል፣ እኔ ብሎን እጥላለሁ፤ ስንዘጋ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ወለሉን በማግኔት እንለቅማለን።

ወደ ሥራው ልግባ። ጣቢያ ሲገኝ በአረንጓዴው መሐል ያለው ጥላ እየጠበበ ዓይኑ መከደን ነበረበት። አሁን ግን ጣቢያ ላይም ሆነ ከጣቢያ ውጭ እንደ ፈጠጠ ይውላል፤ እንዲያ ነው የተረዳሁት። ሦስት ነገር ይንገሩኝ። አረንጓዴው ደማቅ ነው ወይስ ደብዝዟል? መፈለጊያውን ሲያዞሩ ጥላው ትንሽ እንኳ ይርገበገባል? ጣቢያ ላይ ሲደርሱስ ከድምፁ ሥር ዝዝዝ የሚል ነገር አለ?

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። እርስዎ እኮ ያን ዓይን ጥቁር ፕላስተር ይለጥፉበት ነበር። "ራዲዮ የሚፈለገው በጆሮ ነው፤ ዓይን ለሰነፍ የተሠራ ነው" እያሉ ደንበኛ ፊት ጣቢያ በጆሮዬ እንድፈልግ ያደርጉኝ ነበር። ታዲያ ዛሬ ሰነፉ ማን ሆኖ ነው?

ታናሽ እህትዎ


ጥቅምት 18

ለእህቴ፣

ምላስሽ እንዳለ ነው፤ ደስ ብሎኛል። ሌላው ቢያረጅ እሱ አያረጅም።

አረንጓዴው ደማቅ ነው። ጥላው ግን ንቅንቅ አይልም፤ ሲያፈጥብኝ ይውላል። አንቴናውን ቀየርኩ፣ ከጎረቤት ጣሪያ ሽቦ ሳብኩ፤ ወይ ፍንክች! ዝዝዝ ይላል ወይ ላልሽው፣ ድምፁ ድምፅ ነው። የጠየቅሁሽ ስለ ዓይኑ ነው፤ ስለ ዓይኑ መልሺልኝ።

ለምን አስፈለገዎት ላልሽው ደግሞ ልንገርሽ። ይኼ ራዲዮ የጠረጴዛዬ መለኪያ ነው፤ የሰው ራዲዮ ሁሉ ከእሱ ጋር ተስተያይቶ ነው የሚወጣው። የመስታወቱ ቁጥር ታጥቦ ጠፍቷል፣ የመርፌው ክር ላልቶ መርፌው እንደ ሰካራም የትም ይቆማል። ምስክር ሆኖ የቀረኝ ዓይኑ ብቻ ነው። ደግሞ አማቼ አለ፣ ልጄን ያገባው ስልክ ነጋዴ። ቀን በቀን ሜትር ይዞ ይገባል። መደርደሪያውን ይለካል፣ በሩን ይለካል፣ አንድ ቀን እኔንም ይለካኛል ብዬ እሰጋለሁ። "አባባ ደክመዋል፣ ይረፉ፤ ቤቱን ለስልክ እናድርገው" ይላል። ሱቁ በልጄ ስም ነው፤ እናቷ የተወችላት ነው። አንድ ሥራ ከተበላሸብኝ፣ አንድ ደንበኛ አኩርፎ ከወጣ፣ አለቀልኝ። እኔ ደግሞ ከዚያ ወንበር ተነሥቼ የት እንደምቀመጥ አላውቅም። ቤት ብውል የምውለው ከግድግዳ ጋር ነው።

የፕላስተሩ ነገር የድሮ ነው። ትምህርት ነበር።

ልጄ ላንቺ ደብዳቤ ስትጽፍ አይቻታለሁ። ምን ብላ እንደ ጻፈች ንገሪኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 1

ወንድም ጋሼ፣

ልጅዎ የጻፈችልኝን አልነግርዎትም። ለእኔ ብላ የጻፈችው ነው።

ጥርጣሬዬ በዓይኑ መሰኪያ ውስጥ ያለችው ሬዚስተር ላይ ነው። የኤሌክትሪኩን ፍሰት የምትገታ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ዕቃ ናት፤ የመግታት አቅሟ አንድ ሚሊዮን ኦም። ስታረጅ ትበጠሳለች፣ ያን ጊዜ ዓይኑ ፈጦ ይቀራል። ግን መጀመሪያ ለዓይኑ የሚሄደው ምልክት መኖሩን እናረጋግጥ።

ራዲዮውን ያጥፉና የትልቁ ኮንደንሰር ጉልበት እስኪፈስ ይጠብቁ፤ እንዳይመታዎት። ከዚያ የመጨረሻውን አምፖል፣ ድምፅ ማጉያውን የሚነዳውን፣ ነቅለው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ኃይሉን እንዳይሻማብን ነው። ያብሩት። የቮልት መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ለዓይኑ በሚሄደው ሽቦ ላይ አድርገው መፈለጊያውን ቀስ ብለው ያዙሩ። ጣቢያ ላይ ሲደርሱ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስንት ይወርዳል? በዚያው ቅጽበት ድምፁስ እንዴት ነው፣ ጥርት ያለ ነው ወይስ የታፈነ? ሁለቱንም ይጻፉልኝ፤ ሁለቱም ያስፈልጉኛል።

ታናሽ እህትዎ


ኅዳር 12

ለእህቴ፣

እንዳልሽው አደረግሁ። አምፖሉን ነቅዬ ጨርቅ ላይ አጋደምኩት። ቁጥሩ ጣቢያ ላይ ከዜሮ በታች ስምንት ቮልት ይወርዳል፣ ከጣቢያ ሲወጣ ወደ አንድ ይመለሳል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ዜና አንባቢው ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ ይሰማል። ስለዚህ ምልክቱ አለ፣ በሽታው ሬዚስተሯ ናት። ልክ ብለሻል።

እኔ እንዳልቀይራት እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አንቺ ሥሪያት። ደንበኞቼ እንደሆነ ሰላም ናቸው፤ የዛሬ ሰው አፉን ሳይከፍት ነው የሚያወራው እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

ወንድምሽ


ኅዳር 24

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልብስ ሰፊው "ምን ተገኝቶ ነው የምትስቂው?" አለኝ።

የመጨረሻውን አምፖል ነቅለው ጨርቅ ላይ አጋደሙት። ያ አምፖል የሌለበት ራዲዮ ድምፅ የለውም፣ ጭጭ ያለ ሳጥን ነው። የአንድ ወር ተማሪ የማይስተው ነገር ነው፤ እኔንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ ጉሮሮውን ሲጠርግ የሰሙት ዜና አንባቢ ከየት መጣ? ከጓዳ ነው የሚያነበው?

አይሰሙም፣ ወንድም ጋሼ። ጨርሶ አይሰሙም። ልጅዎም የጻፈችልኝ ይህንኑ ነበር፤ "አባዬን ከኋላው ስጠራው አይዞርም፣ ባሌ እንዳይነቃበት እፈራለሁ" ብላ። አላመንኳትም። ያን ጥያቄ የጠየቅሁዎት ለዚያ ነው።

አይደንግጡ፣ ለማንም አልናገርም። ዓይኑን ከነመሰኪያውና ከነገመዱ ይላኩልኝ፣ እሠራልዎታለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያኔ ፕላስተሩን ለጥፈው ጣቢያ በጆሮዬ እንድፈልግ ሲያደርጉኝ፣ ትንሽ ከሳትኩ "ጆሮ የለሿ!" ብለው ይስቁ ነበር። ደንበኛው ይስቃል። ሰፈሩ ተቀበለው። ዳቦ ሻጩ ሳይቀር የእውነት የማልሰማ መስሎት እየጮኸ ያናግረኝ ነበር። እጮኛዬ እናቱን ይዞ ሊያስተዋውቀኝ የመጣ ዕለት፣ ሴትየዋ በሩን ስትገባ ከአፍዎ የሰማችው እሱኑ ነው። "የጆሮ ነገር በዘር ይሄዳል" ብላ ልጇን ይዛ ተመለሰች። እርስዎ "ኧረ ጨዋታ ነው" አላሏትም። ሻይዎን ይጠጡ ነበር።

ይቅርታ ይበሉኝ። አንድ ቃል ናት፤ ጽፈው ከዓይኑ ጋር ይላኩልኝ።

ታናሽ እህትዎ


ታኅሣሥ 5

ለእህቴ፣

አዎ። ግራ ጆሮዬ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀኙ ካቻምና ተከተለው። ራዲዮ የሚጠግን ደንቆሮ! ሰው ቢሰማ በሳቅ ይሞታል። የኖርኩት በዚያ ዓይን ነው። የሰው ከንፈር አያለሁ፣ የራዲዮውን ዓይን አያለሁ፣ ሥራ ይወጣል። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ የሚሆን ነገር የለም አለኝ፣ እሱንም በወረቀት። ስንት ሰው አሳልፌ አንቺ በአንድ አምፖል ያዝሽኝ። ጉድ ነሽ!

ይቅርታ ላልሽው፣ ምን አደረግሁ? ጨዋታ ነበር። ተማሪውን ሳይሰድብ ያስተማረ ማነው? እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ ጣቴን በመፍቻ ይለኝ ነበር፤ ደብዳቤ ጽፌ ይቅርታ በለኝ አላልኩትም። ጆሮሽ የተሳለው በዚያ ስድብ ነው፣ ዛሬ የምትኖሪውም በእሱ ነው። ሴትየዋ ልጇን መስጠት ካልፈለገች፣ ጆሮ ብታጣ በአፍንጫሽ ታመካኝ ነበር። አርባ ዓመት አልፎሽ እንደ ልጃገረድ አታልቅሺ። ተይው።

ዓይኑን በጥጥ ጠቅልዬ ወደ አንቺ ከተማ በሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ልኬዋለሁ። ቶሎ በይ። አማቼ ትናንት ቀለም ቀቢ ይዞ መጥቶ ነበር።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 16

ወንድም ጋሼ፣

ልክ ነዎት፣ ጨዋታ ነበር። ትቼዋለሁ።

ዓይንዎን በዚሁ ሾፌር መልሼልዎታለሁ። ሬዚስተሯ እንዳልኩት ተበጥሳ ነበር። አዲስ አስገብቼ በቢጫ ቱቦ ሸፍኛታለሁ፤ መሰኪያውን በሙጫ ስላሸግሁት አይክፈቱት። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። አሮጌዋ ለዓመታት ስትደክም ዓይኑን አስንፋው ነበር። የአሁኑ ፈጣን ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይከደናል፣ ከበፊቱም ይልቅ ብዙ ቦታ ይከደናል። ጤና ነው፣ አይደንግጡ። የተከደነበት ቦታ ሁሉ ጣቢያ ነው።

ልጅዎን ይሳሙልኝ።

ታናሽ እህትዎ


ጥር 2

እህት ዓለም!

እጅሽ ይባረክ! ሰክቼ ሳበራው ዓይኑ ጠቀሰኝ። ትንሽ ዞር ሳደርገው ክድን፣ ዞር ሳደርገው ክድን! ድሮ ሰባት ጣቢያ የማይሞላበት ዛሬ እንደ ገበያ ተጨናንቋል። ለካ ዓለም ይህን ያህል ሲያወራ አላውቅም ነበር።

ሱቁ ደግሞ ሞቅ ብሎልኛል። ራዲዮዬን ከፍቼ ስቀመጥ ሰዎች በር ላይ ቆም ይላሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ አንዳንዱ አውራ ጣቱን ያሳየኛል። አማቼ እንኳ ጓደኞቹን ይዞ መጥቶ በስልኩ ቀረጸኝ። ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ አየሁ፤ ወጣቶች ናቸው፣ ሳቅ አያጡም። ልጄ ብቻ ፊቷ ልክ አይደለም። ወረቀት ላይ "አባዬ ተወው" ብላ ጻፈችልኝ። ምኑን እንደምተው ሳትጽፍ ባሏ ሲገባ ወረቀቱን ጨብጣ ያዘችው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። አማቼ አንድ ቀን ፊት ለፊቴ ቆሞ "አባባ፣ ይሰማሉ አይሰሙም?" አለኝ። ከንፈሩን አንብቤ "ካንተ የተሻለ" አልኩት። "እንግዲያው እንይ" አለ። ጥር 22 ቅዳሜ፣ ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ማንም ሳይረዳኝ የዘጠኝ ሰዓቱን ዜና ካገኘሁ ወንበሩ እስክሞት የእኔ ነው። ካላገኘሁ ሰኞ ቁልፉን አስረክባለሁ። ፈርመናል። ከሁለት ወር በፊት ቢሆን በፍርሃት ነበር የምሞተው። አሁን ግን ምን ገዶኝ! የዜናው ጣቢያ ከግራ ጫፍ ሲነሱ ዓይኑ መጀመሪያ የሚከደንበት ነው፤ ከድሮም እንዲያ ነበር። ቀላል ነው።

ምን ትመክሪኛለሽ? ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 11

ወንድም ጋሼ፣

ስለ ዓይኑ እንኳን ደስ አለዎት። ሽማግሌ ፊት መፈተን እንዴት እንደሚጨንቅ አውቀዋለሁና አይዞዎት።

ምክር ከጠየቁኝማ፣ ዝም ብለው እንዳይቀመጡ። የሚሰማ ሰው ዝም አይልም። ራሱን ይነቀንቃል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ "አይ ዓለም!" ይላል። እርስዎም ይበሉ፣ ያውም ጮክ ብለው። ድምፁ እንዴት ጥርት እንዳለ ለሽማግሌዎቹ ያስረዷቸው። ዓይኑ አንዴ ከተከደነ በኋላ መፈለጊያውን አይንኩ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላም አይነሡ፤ ቶሎ የተነሣ ሰው ያልተማመነ ይመስላል። ልጅዎ ልታስቆምዎት ብትሞክር እሺ አይበሏት፣ ባሏን ፈርታ ነው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራዬን አቁሜ እርስዎን አስባለሁ።

ታናሽ እህትዎ


ጥር 26

ለእህቴ፣

ማክሰኞ በሾፌሩ እጅ የደረሰችኝ ብጣሽ ወረቀትሽ "እንዴት ሆነ?" ትላለች። እንዲህ ሆነ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አማቼ መደርደሪያውን ተደግፎ ቆመ። ከግራ ጫፍ ተነሣሁ፣ ዓይኑ ተከደነ፣ እጄን አነሣሁ። እንደመከርሽኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ከንፈሬን መጠጥኩ። "አይ ዓለም!" አልኩ። "ስሙማ፣ ትንፋሹ እንኳ ይሰማል" አልኳቸው። ታላቅየው ሽማግሌ መሬት መሬት ያይ ጀመር፤ ዜናው ከብዶት ነው ብዬ አዘንኩለት። ልጄ ክንዴን ስትይዘኝ ገፋኋት። ትንሽ ቆይቶ አማቼ መጥቶ አንዷን እጀታ አዞረ። ድምፁን ከፍ ያደረገልኝ መስሎኝ እጅ ነሣሁት። ለካ ጨርሶ ዘግቶት ነው። ከዚያም በኋላ ሩብ ሰዓት ሙሉ ራሴን ስነቀንቅ ነበር። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ተነሥቼ "እንግዲህ ሰማችሁ!" አልኩ። ማንም አልሳቀም። አማቼ እንኳ አልሳቀም፣ እሱ ነው የገደለኝ። ልጄ ወረቀት አምጥታ እያለቀሰች ጻፈችልኝ። "አባዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጣቢያ የሌለው ሹሹታ ብቻ ነበር። ወሩን ሙሉም ሹሹታ ነበር።"

የዚያኑ ዕለት መሰኪያውን በምላጭ ከፈትኩት። ቢጫ ቱቦሽን ገፈፍኩ፣ ቴስተሩን የሬዚስተሯ ጫፎች ላይ አደረግሁ። ሚሊዮን የነበረበት ቦታ መቶ ሺህ አገኘሁ። እንኳን ጣቢያ፣ ሹሹታም ይከድነዋል። ብየዳሽ ንጹሕ ነው፣ እንከን አላገኘሁበትም። ተሳስተሽ እንደሆነ ብዬ ሁለት ጊዜ ለካሁት። አልተሳሳትሽም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ፤ እኔ እውነትም ረስቼ ነበር።

ሰኞ ቁልፉን አስረከብኩ። ወንበሬን ልጄ በረንዳ ላይ አውጥታልኛለች። በሱቁ በኩል ሳልፍ የሚያዩኝ ልጆች እንደኔ ራሳቸውን እየነቀነቁ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ማንበብ ስለምችል ምን እንደሚሉ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ምክርሽ የደረሰኝ ረቡዕ ነው። እንዴት አስባልኛለች ብዬ ሆዴ ባባ። ዓርብ ተቀምጬ አራት ገጽ ጻፍኩልሽ። የጠየቅሽኝ ቃል ነበረበት፣ ያውም በመጀመሪያው መስመር ላይ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ያቺን ሴትዮ፣ የእጮኛሽን እናት፣ ቤቷ ድረስ ሄጄ እንዳነጋገርኳት፣ ምን እንዳልኳትና ምን ብላ እንደመለሰችልኝ፣ ልጇም ላንቺ አድርስልኝ ብሎ አደራ ያለኝን፣ ሁሉንም ጽፌው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በኩራት ይዤው የቆየሁትን ነው። ቅዳሜ ካሸነፍኩ በኋላ ልልከው ነበር፤ ተሸናፊ ሆኜ ሳይሆን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ይቅርታ ልበላት ብዬ።

እሑድ ጠዋት ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ሁለተኛ አልጽፈውም። ሴትየዋ ባለፈው ክረምት ሞታለች፤ ልጇ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፣ ስለዚህ ከእነሱም አትሰሚውም። መጥተሽ እግሬ ላይ ብትወድቂም አልነግርሽም። እየጮኽሽ ብትጠይቂኝም እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ አልሰማሽም።

ዓይኑን በዚሁ ጥቅል ልኬልሻለሁ። እኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም።

ወንድምሽ